ጥያቄ የሚያበዙት ሾፌር

የያዙኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። እኔም ሞኝ፣ ዘበኛውን «ዘጠነኛ ቢዎች ሳይረብሹ ይጠብቁኝ በላቸው» ብዬ ተከተልኳቸው። አምስቱ ደቂቃ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ።

አንገቴን አስደፍተው ስለወሰዱኝ የት እንደገባሁ አላየሁም። ክፍሏ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ የእርጥብ ካልሲና የበርበሬ ሽታ፣ እኔን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው። መቀመጫ ፍለጋ ቆሜ ሳለሁ አውሮፕላን ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተከተለ። ሊያርፉ የሚወርዱ መሆናቸው በድምፃቸው ያስታውቃል። ቦሌ በኩል ነን፣ ከቤቴ ብዙ አልራቅሁም አልኩ በልቤ። ይህ ለምን እንዳጽናናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሰው ያሻውን የሚጠይቅበት የቴሌግራም ቡድን ከፍተን ነበር። ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ጠፈር ዳር አለው? የፈላ ውኃ ለምን ይጮሃል? እንዲህ ያለ ነገር ነው። በኋላ ጓደኛዬ እዚያው ላይ ስለታሰሩ ሰዎች መጻፍ ጀመረ። «ይቅርብህ» ብለውም አልሰማኝም። ሊይዙት ሲሄዱ ቤቱ አላገኙትም፤ ሳሊተ ምሕረት፣ አክስቱ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተደብቆ ነበር። ይህን ከአክስቱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራዬ አንድ ነበር፤ አፌን መጠበቅ። አንድ ቃል ካመለጠኝ እሱ አለቀለት።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ሲያናግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የፈተና ጥያቄ የምጽፍበትን ደብተር ከፊቱ ዘርግቶ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበትን አነበበልኝ።

«‹ሁለት መኪኖች፣ ሀ ከጉርድ ሾላ፣ ለ ከላምበረት፣ እኩል ሰዓት ተነሱ። የት ይገናኛሉ?›» ቀና ብሎ አየኝ። «ሀ ማነው?»

«መኪና ነው።»

«የማን መኪና?»

«የማንም አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ ነው።»

«እሺ፣ የት ነው የሚገናኙት?»

«እንደ ፍጥነታቸው ነው።»

ጻፈው። እውነቴን ነው፣ «እንደ ፍጥነታቸው» ብሎ ጻፈው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፈራሁ። እንዲህ ካለ ነገር ጥፋት የሚፈልግ ሰው ከሌላው ነገር ምን ሊያወጣ ነው?

ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥር ነበር። በእንቅልፉ የሚያወራ አንድ ነጋዴ አፉን በፎጣ አስሮ ይተኛል። ከምርመራ የተመለሰ ሰው «ምን አሉህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ይጠረጠራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። አለቃችን፣ ካቦ የምንለው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ተጫዋች የሸገር ልጅ ነበር። አዲስ ለገባ ሰው መኝታ የሚሰጠው፣ ከማን ጋር እንደሚበላ የሚመድበው እሱ ነው። ምግብ ከቤተሰብ ይመጣል። ያመጣው ሰው በር ላይ ቀምሶ ያሳያል፣ ከዚያ ይገባልናል፤ በአራት በአምስት እየሆንን ያለንን አንድ ላይ እንበላለን። ሰው የሌለው ሰው በዚህ ነበር የሚኖረው።

ሰው ከሌላቸው አንዱ ሾፌሩ ነበሩ። ከላምበረት ደሴ ለብዙ ዓመታት አውቶቡስ የነዱ፣ ስልሳ የተጠጉ የወሎ ሰው ናቸው። ካቦው ከእኔ ማዕድ መደባቸው። መምህር መሆኔን በሰሙ ቀን ጥያቄ ጀመሩ።

«መምህር፣ ፍሬን ስይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት የሚወድቀው ለምንድን ነው? የያዝኩት እኮ መኪናውን ነው፣ ሰውየውን አልያዝኩት።»

«እርስዎ ራስዎ መለሱት፣ ጋሼ። መኪናው ቆመ፤ ሰውየው ግን መሄዱን አላቆመም።»

እንደ ልጅ ሳቁ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ አመጡ።

«ጨረቃ ከኮምቦልቻ እስከ ደብረ ብርሃን ትከተለኛለች። ወደ ደሴ የሚወጣውን ሾፌር ስጠይቀው እሱንም ትከተለዋለች። በተቃራኒ መንገድ እየሄድን ለሁለታችንም የበቃችው እንዴት ነው?»

«ሩቅ ስለሆነች ነው። ዛፉ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ያልፍዎታል። ጨረቃን ግን መቶ ኪሎ ሜትር ቢነዱም ጥለዋት አይሄዱም።»

«ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ ስከራከር ኖሬያለሁ» አሉ። ደስ አለኝ። ከገባሁ ጀምሮ መምህር የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ጥያቄ በጀመሩ በአራተኛው ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ ስልክ የያዘ ሰው የት እንዳለ በአየር ላይ እንዴት ነው የሚታወቀው? ስልኩ ዝግ ቢሆንስ፣ ይታወቃል?»

የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። የጓደኛዬ ስልክ ዝግ ነበር፤ መርማሪውም ጠዋት የጠየቀኝ ስለዚሁ ስልክ ነው። «አላውቅም» አልኳቸው። የፊዚክስ መምህር ስልክ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌው ገርሟቸው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ያልታየኝ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። በየጠዋቱ ይጠራሉ፤ ሌላው ሰው ከምርመራ ገርጥቶ ሲመለስ እሳቸው ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ይመለሳሉ። እኛ ሰውነታችንን ሳንታጠብ ሳምንት ሲሞላን እሳቸውን ማን ነው የሚያስታጥባቸው? ይህ ሁሉ ጨረቃና ፍሬን ወደ ስልኩ ለመድረሻ ነበር አልኩ። ተናደድኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ጥያቄያቸውን ደስ ብሎኝ መመለሴ አናደደኝ።

ለካቦው በጆሮው ነገርኩት።

«አቦ መምህር፣ እኔም ገና ሲገባ ነው ያልተመቸኝ» አለኝ። «ተወው ለኔ።»

በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሊቀመጡ ሲሉ ካቦው እጁን ዘረጋባቸው። «እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነዎት» አለ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በር እያሳየ። ለምን አላሉም። ጫማቸውን አንሥተው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ጠዋት የታደልነውን ዳቦ ከኪሳቸው አወጡ። ሁለት ቀን እንዲህ በሉ። ማንም አላናገራቸውም። እኔም አላናገርኳቸውም፤ እህቴ የላከችው ወጥ ግን አልጣፈጠኝም።

ልቤ እንዲያርፍ ማረጋገጥ ፈለግሁ። ሰውን በሳሙና ሽታ ፈርጄበታለሁ፣ ተማሪዎቼን ግን እንዲህ አላስተምራቸውም። ስለዚህ ሙከራ ሠራሁ። ለሽማግሌው አንድ የውሸት መደበቂያ ቦታ ልነግራቸው፣ ለካቦው ደግሞ ሌላ። ካቦውን ጠርጥሬው አይደለም። ሙከራ ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል፤ የሚጠረጥሩትን ብቻ የለካ ምንም አልለካም። ሰው እንዳይጎዳ ማንም የማይኖርባቸውን ቦታዎች መረጥኩ።

ካቦውን ሳገኘው ጓደኛዬ ላምበረት፣ መናኸሪያው ጀርባ ካለ ግቢ ውስጥ ነው አልኩት። ግቢው ለመንገድ ሥራ ከፈረሰ ቆይቷል። ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ በር ሄጄ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊታቸው በራ። ጓደኛዬ ጉርድ ሾላ፣ ተጀምሮ በቀረ አንድ ፎቅ ውስጥ ነው አልኳቸው። ሳልጨርስ እጃቸውን አፌ ላይ ሊጭኑ ምንም አልቀራቸው።

«እንዲህ ያለውን ነገር ለኔ አትንገረኝ፣ ልጄ። ዱላ ሲመጣ ምን እንደምል አላውቅም። ያልሰማሁትን ግን አልናገርም።»

ጎበዝ ሰላይ የሚለው ይህንኑ ነው ብዬ ተነሣሁ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ደግነትም ማስረጃ ይሆንለታል።

ይህን በነገርኳቸው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሻይ እያማሰለ ነበር።

«ላምበረት ማን አለህ?» አለኝ።

ማንም የለኝም አልኩ። «መናኸሪያው ጀርባ?» አለ። ጉርድ ሾላን ሊያነሣ ይችላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላነሣም። ወደ ክፍሉ የተመለስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ከፍርሃት አይደለም። አፈርኩ።

ምሳ ገባ። ካቦው ከሩቅ «መምህር፣ ና እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለ እየሳቀ። የእህቴን ሳህን አነሣሁና በመካከላቸው አልፌ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ከማዕድ ያስወጣሁዎ እኔ ነኝ» አልኳቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሰላይ ናቸው ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አይደሉም። ክፍሉ ውስጥ ጆሮ አለ፤ የእርስዎ ግን አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።»

ካቦው ሳህኑን ያይ ነበር። ስሙን አልጠራሁም። በሹክሹክታ የተጣለ አንድ ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ እሱም በምን ተይዞ እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሳህኑ አልሰደዱም።

«እኔ እኮ መኪናቸውን ነው የማጥበው» አሉ ቀስ ብለው። «በየጠዋቱ። በዚህ ዕድሜዬ መኪና አጣቢ ሆንኩ ብዬ ለማን ላውራ?»

ሳህኑን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

«ስልኩን የጠየቅኩህም ስለ ልጄ ነው። እኔ ከመያዜ አንድ ሳምንት በፊት ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሲደወል ዝግ ነው ይላል። ልጄ የት አለ ብዬ ቢሮ ለቢሮ ስጮህ ነው እኔም የታሰርኩት።» ዓይናቸውን ቀና አደረጉ። «አሁን ንገረኝ፣ መምህር። ዝግ ቢሆንም ይገኛል?»

መዋሸት እችል ነበር። እሳቸው ግን እውነቱን ነበር የጠየቁኝ።

«ዝግ ከሆነ ከአንቴናው ጋር አይነጋገርም፣ ጋሼ። የሚታወቀው ከመዘጋቱ በፊት የነበረበት የመጨረሻ ቦታ ብቻ ነው።»

«የመጨረሻውንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «መገናኛ ነው። ራሴ ነኝ ያወረድኩት።»

ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ። ያችን ጉርሻ እያለቀስኩ ዋጥኳት። አፉን አስሮ የሚተኛው ነጋዴ ሳህኑን ይዞ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ሌሎቹ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም።

ሽማግሌውን በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። እኔ ያለ ክስ ተፈታሁ። ጓደኛዬ አልተያዘም። የሾፌሩ ልጅ ስልክ ጠርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ብጠይቅም ሰው ሁሉ «ምነው ፈለግካቸው?» ብሎ በጥርጣሬ አየኝ እንጂ የነገረኝ የለም።

አሁን ተመልሼ እያስተማርኩ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ብርሃን ከኮከብ ተነሥቶ እዚህ እስኪደርስ አይደክመውም?» አለችኝ። ግሩም ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት ዓይኗን አየሁና «ይህን ጠይቂ ያለሽ ማነው?» አልኳት። ቀልድ መስሏቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ» አለች፣ ጥፋት እንደተገኘባት ሰው።

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ መልሱንም ሰሌዳው ላይ በሥዕል አስረዳኋት። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።