የሰሜኑ ግድግዳና ሰፊው ሌንስ

ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ጎልማሳ ያን ሌንስ ሲያሞግስልኝ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተጠራጠርሁት። ጥግ ይዘው ቢቆሙ ሙሉ ቤት ይይዛል አለኝ፤ ቀጥ ያለ መስመር አያጎብጥም አለኝ። ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ስለ ምን እንደሚሸጠው ስጠይቀው፣ ፎከሱ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ለሠርግ አይመችም፣ ጨፋሪ ቆሞ አይጠብቅም ሲል መለሰልኝ። መልሱ አሳማኝ ነበር፤ የተጠራጠርሁትም አሳማኝ በመሆኑ ነው።

እኔ የፈለግሁት ለሠርግ አልነበረም። የደብራችን መቅደስ በሰሜን ግድግዳው ላይ የቆየ የሰማዕታት ሥዕል አለው። ቆራቢዎች ተራቸውን የሚጠብቁት ከዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው ነው። ሥዕሉ ከላይ በኩል መላጥ በመጀመሩ ጎንደር ላሉ አንድ የሥዕል ጠጋኝ ብናመለክት፣ ግድግዳውን በሙሉ በአንድ ፎቶ ካላየሁ ምን ይዤ እንደምመጣ አላውቅም አሉን። በግድግዳው ፊት ያለው ቅድስቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ የለውም። የልጄ ካሜራ ከሥዕሉ የሚይዘው ሲሶውን ብቻ ነበር። ካህናቱም ዳግመኛ ባዕድ ፎቶ አንሺ ማስገባቱን ስላልወደዱት ሥራው በእኔ በመሪጌታው ላይ ወደቀ።

ሌንሱን ለሙከራ ወሰድሁት እንጂ አልገዛሁትም። ከፎቶ ቤቱ በፊት የሌንሱ ባለቤት የነበረው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የትምህርት ቤት መምህር ነበርና አስቀድሜ እሱን ጠየቅሁት። ስፋቱንና ጥራቱን አመሰገነ፤ ነገር ግን ቀጥ ያለውን ያጎብጣል፣ የሸጥሁትም ስለዚህ ነው አለኝ። ጥርጣሬዬ ምስክር አገኘ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጀርባዬን ከቅድስቱ የውጭ ግድግዳ አስደግፌ ቆምሁ። በሌንሱ ቀለበት ላይ የተጻፈውን ርቀትም አላመንሁም። በመቋሚያዬ ከደረቴ እስከ ሥዕሉ ለካሁና ቀለበቱን በዚያ ልክ አዞርሁ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ የሰማዕታቱ የዓይን ሽፋሽፍት እንኳ ይቆጠር ነበር። ከሥዕሉ በላይ ከጥግ እስከ ጥግ የተሳለው የሐረግ ጌጥ ግን መካከሉ ላይ ወደ ላይ ጎብጦ ታየ።

እንዲህ ያለውን ፎቶ ለጠጋኙ መላክ ማሳሳት መሰለኝ። ለቄሰ ገበዙ የሌንሱ መስታወት ሐሰተኛ መሆኑን ነገርሁና ነገሩን አቆየሁት። ክረምቱ ጠንክሮ የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሶ ነበር። ሁለት እሑድ አለፈ፤ ቆራቢዎችም እንደ ወትሮው ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ቆሙ።

ሌንሱን ልመልስ ስሄድ ባለ ፎቶ ቤቱ ከወንበሩ ሳይነሣ ሳቀብኝ።

«የኔታ፣ የተማሪ ቅኔ መሰለዎት እንዴ ገና ሳይጨርስ የሚነቅፉት?»

«ከጨረሰ በኋላ ነው የነቀፍሁት። ሐረጉን አጎበጠው።»

«እንግዲያው ቀጥ ለማለቱ በሚምሉለት ነገር ይፈትኑት። ያን ጊዜ ካጎበጠ እኔ ራሴ ሰባብሬ እጥለዋለሁ።»

በወጣትነቴ ብራና ፍቄ መጻሕፍት ጽፌአለሁ። ብራና ሲደርቅ ይኮማተራልና ለመስመር የማምነው የተወጠረ ፈትል ብቻ ነው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ሁለት እንጨት ተክዬ፣ ፈትሉን በሐረጉ ቁመትና ርዝመት ወጠርሁ፤ በመቋሚያ ለክቼም በዚያው ርቀት ቆሜ አነሣሁት። ፈትሉ በፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ ታየ። ዳርና ዳሩ ላይ ብቻ ጥቂት ዘንበል ይላል፤ ያም የፀጉር ያህል ነው።

የጎበጠው ሌንሱ ካልሆነ ሐረጉ ራሱ ነው። ከዚያ ፈትሉን ከእንጨቱ ፈትቼ ቄሰ ገበዙን ጠራሁ። በሁለት መሰላል ወጥተን እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን በሐረጉ ላይ ሳብነው። ፈትሉ መካከል ላይ ግድግዳውን ነካ፤ በሁለቱም ጥግ ግን ከግድግዳው አንድ ጋት ርቆ ቀረ።

ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ወደ እኛ መጥቶ ነበር፤ ከሥር ሳነሣው ሐረጉ ወደ ላይ የጎበጠ የመሰለውም ለዚህ ነው።

ቄሰ ገበዙ ጫፋቸውን ሳይለቁ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «መሪጌታ፣ መስታወቱ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር» አልሁ።

የዚያኑ ዕለት ወደ መምህሩ ሄጄ፣ ሌንሱ ሲያጎብጥ ያየው የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ይህን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ይገባኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሰበካ ጉባኤያችሁ የቀን መቁጠሪያ ፎቶ ሳነሣ፣ እዚያው እናንተ ዘንድ ነው አለኝ። ፎቶውን ከኮምፒውተሩ ፈልጎ አወጣው። ቅድስቱ ጠባብ በመሆኑ እሱም ጀርባውን አስደግፎ የቆመው እኔ በቆምሁበት ቦታ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናደርጋቸው፣ ያን ጊዜ የሐረጉ ጉብጠት ከአሁኑ እኩሌታውን አያህልም። ከሥሩ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በየክረምቱ ሲያብጥ፣ በየበጋው ሲሰነጠቅ መሠረቱን እያላወሰው ኖሯል። መምህሩ ያየውን በትክክል ነግሮኝ ነበር፤ ጥፋቱን የሰጠው ግን ለሌንሱ ነው። እኔም ያመንሁት መጠርጠር የፈለግሁትን ስለ ነገረኝ ብቻ ነው።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቆራቢዎች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ግድግዳው በወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል፤ ጠጋኙም ሁለቱን ፎቶዎች ካዩ በኋላ ግንበኛ ይዘው እንደሚመጡ፣ እስከዚያው ሰው እንዳይጠጋ ነግረውናል።

ሌንሱን ገዛሁት። መምህሩ ነገሩን ሲሰማ መልሼ እንድሸጥለት ጠየቀኝ፤ አልሸጥለትም አልሁት። በየቅዳሜው ፈትሉን ከግድግዳው ፊት በሁለት እንጨት ላይ ወጥሬ፣ ፈትሉንና ሐረጉን አንድ ላይ አነሣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከቀደመው ሳምንት የተለየ ነገር አልታየም። ቄሰ ገበዙ ፎቶውን አይተው እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሟል አሉ። እኔ ግን ፈትሉ ረግቦ እንዳይሆን ብዬ ደግሜ ወጠርሁት።