ከአባባ አፍ የወጣው ወርቅ

ባለፈው ወር የተበጠሰች የአንገት ሐብሌን ልሸጥ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። የወርቅ ዋጋ ሰማይ ነክቷል ሲባል ሰምቼ ነው። ነጋዴው ሚዛኑን እስኪያስተካክል ድረስ ፊቱ ያለውን ሳህን አየሁ። ስብርባሪ ቀለበት፣ ጎዶሎ ጉትቻ፣ የተቆራረጠ ሰንሰለት፤ በመሀሉ ደግሞ አንድ የወርቅ ጥርስ። ሌላው ገበያተኛ ልብም አላለው። እኔ ግን መቀመጫ ለመንኩ።

አያቴ ሲያርፉ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሽንዲ ወጣ ባለ የገበሬ መንደር ከአያቶቼ ጋር እኖር ነበር፤ አባባና እማማ እላቸዋለሁ። የአባባ አንድ የፊት ጥርስ ወርቅ ነበር። ሲስቁ ከሩቅ ያበራል። በወጣትነታቸው ቡሬ ገበያ በርበሬ ይነግዱ ስለነበር ሰው ሁሉ «የበርበሬ ትርፍ» ይለዋል፤ እሳቸውም አይደለም ብለው አያውቁም።

ጥቅምት ሲገባ ታመሙ። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ከእርጅና የሚነቃነቀውን ያን ጥርስ በገዛ ጣታቸው ነቀሉት። እኔን ጠርተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ገና ይሞቅ ነበር።

«ከአፌ የወጣውን ለነፍሴ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ቡሬ ወስደሽ ሽጪና ለአርባዬ ይሁን። ከገበያው በላይ፣ ዋርካው አጠገብ አንጥረኛ አለ። ሌላ ቤት እንዳትገቢ።»

አባባ ንግግራቸው ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው፤ እኔ ሰሙን ብቻ ሰማሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ውሃ ሲጠጡ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

አርባቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥርሱን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ጉያዬ ከትቼ ተሳፈርኩ። ኅዳር ነው፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል። መንደሩ ሁሉ ቀልቶ፣ በመስኮት የሚገባው ሽታ ያስነጥሳል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የተቀቀለ በቆሎ ብታካፍለኝ ሳልቀምሰው በእጄ ይዤው ተጓዝኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሱ ደረቴን ይነክሰኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ይነክሰኝ ነበር።

አንጥረኛው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ቋጠሮውን ሲፈታ ፊቱ ተለወጠ።

«አጥንቱ አብሮት ነው! አንቺ ልጅ፣ የማንን መቃብር ከፍተሽ ነው?»

«አያቴ በሕይወት ሳሉ ነቅለው ነው የሰጡኝ።»

«ሰው በቁሙ ጥርሱን ነቅሎ ይሸጣል? ቆይ፣ ለፖሊስ ትነግሪያለሽ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

እንባዬ መጣ። ይህን ጊዜ ጓዳው ደጃፍ ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ የነበሩት አሮጊት እናቱ ተነሥተው መጡ። ቀኝ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ አለ፤ የግራው ባዶ ቀዳዳ ነው። ጥርሱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አገላበጡት።

«ተዋት ልጄ፣ ይህን ጥርስ አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ሲመጣ ራሱ ይዞት አይመጣም ነበር?»

«ማን?»

የአባባን ስም ከነአባታቸው ጠሩ። በመንደራችን አባባን አንቱ የማይል ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እዚህ በር ላይ ቆመ» አሉ። «ግባ ብለው አይገባ፣ ተቀመጥ ብለው አይቀመጥ። አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይህን ባዶ ጆሮዬን በጣቱ አሳየኝ። ለልጄ ልናገር ዞር ብዬ ስመለስ የለም። ጥርሱ ረግፎ አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት።»

አንጥረኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሰው ጋር ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለ። «ሰውየውን ግን አላየሁትም።»

«እናቴ፣» አልኩ፣ «ከተቀበሩ ከወር በላይ ሆኗቸዋል።»

አሮጊቷ አልጮሁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው በርበሬ እንደነካ ረስተው ዓይናቸውን ቢያሹት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ዘመዶቼ በእኔ ምክንያት በዱላ መቱት» አሉ። «የተሰበረ ጥርሱን በግራ ጉትቻዬ አሸፈንኩለት። በዓመቱ አባቴ ለሌላ ዳረኝ። መልስልኝ ብዬው አላውቅም።»

ልጃቸው ወርቁን ከአጥንቱ ለየ። እሳቸው ከመቀነታቸው ፈትተው ከዋጋው በላይ ከፈሉኝና አጥንቱን በጨርቄ መልሰው ቋጠሩልኝ።

«ይህን ወደ ቦታው መልሺለት። በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ እንዳይነሣ።»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ መቃብሩ ራስጌ ላይ ቆፍሬ ቀበርኩት። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል፤ ዙሪያው መሬት ድንጋይ ሆኗል። እዚያች ቦታ ላይ ግን አፈሩ እርጥብ ነበር፤ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ወደ ኋላ ሳላይ ሮጥኩ።

ለእማማ «አንጥረኛ ገዛው» ብዬ ገንዘቡን ሰጠኋቸው፤ ለብቅልና ለጌሾ ዋለ። ሌላ ለማንም አልተነፈስኩም። አርባው ወጥቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ዕቃ ስናጥብ፣ እማማ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ሴትዮዋ ጉትቻዋን አገኘች?»

እጄ ላይ ያለው ሳህን አመለጠኝ።

«አገኙ» አልኩ።

«እሰይ። እንግዲህ አያትሽም ደጅ ደጁን ማለታቸውን ይተዋሉ» ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አባባ በሰው በር ላይ መቆማቸውን ከዘመን ብዛት ለምጄዋለሁ። የእማማን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ባላቸው በሳቁ ቁጥር የሌላ ሴት ጉትቻ እያዩ፣ ያን ሁሉ ዓመት ማዕድ አቅርበው አብረው ስቀዋል። እኔም አግብቼ ወልጄ ሽበት ጀምሮኛል። ባሌ ሲስቅ አንዳንዴ ሳይታወቀኝ አፉን ትክ ብዬ አያለሁ። «ምን አየሽ?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። እሱም ከንፈሩን ቀስ አድርጎ ይገጥማል።