ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ

ከዓረብ አገር ስንመለስ ነው። አውሮፕላን በምንቀይርበት ኤርፖርት፣ አብራኝ የምትጓዘው የወገዳ ጎረቤቴ እናኑ ስልክ ተደወለላትና ሽንት ቤት ገብታ ቀረች። አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ነው እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት። የበሩ ብዛት! የትኛው ውስጥ እንዳለች በምን ልወቅ? ስሟን እየጠራሁ ሳንኳኳ አንዲት ፈረንጅ ከውስጥ ጮኸችብኝ። ከመጨረሻው በር ጀርባ ግን የታፈነ ለቅሶ ሰማሁ።

«እናኑ! ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም፤ ሆዴን ቆርጦኝ ነው።»

እንደደበቀችኝ ገባኝና አኮረፍኩ። ወጥታ ፊቷን ታጠበች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ወገዳ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

ሰፈራችን ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ለካ መርዶዋን ይዛ ነው ዝም ያለችው! «ወይኔ እናኑዬ!» ብዬ ልደግፋት ዞርኩ።

ድንኳኑ የተተከለው ግን ከእኛ ደጅ ነበር።