ከወንዝ ዳር የወሰድኩት ሱሪ

ነገሩ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት ነው። የሰማው ሁሉ ስቆ ረስቶታል፤ እኔ ግን ገመድ ላይ የተሰጣ ሱሪ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደንብ አስከባሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ወር ነበር። መለዮ ለብሼ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስወጣ፣ ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ከተማዋን የማስተዳድራት እኔ ነበር የሚመስለኝ። አጥር ሥር የሚሸና ካየሁ ፊሽካ ነው። ወንዝ ዳር ራቁቱን የሚታጠብ ካገኘሁማ አለቀለት፤ በከተማው ደንብ ያስቀጣል።

አንድ ቅዳሜ ከድልድዩ በታች አንድ ትልቅ ሰው እርቃናቸውን ሲታጠቡ አየሁ። ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። ፊሽካዬን ነፋሁ።

«እሺ ልጄ፣ ልለቅለቅና እወጣለሁ» አሉ።

ማን ይሰማል! እንዳያመልጡኝ ብዬ ድንጋይ ላይ ያስቀመጡትን ሱሪ፣ ኮት፣ ያለ የሌለ ልብሳቸውን ሰብስቤ «ቢሮ መጥተው ይውሰዱ!» ብያቸው ሄድኩ። ራቁቱን የቀረ ሰው እንዴት አድርጎ ቢሮ እንደሚመጣ ለአፍታም አላሰብኩም። ቂል ነበርኩ።

በማግስቱ እሑድ ሽማግሌዎቼ የሺን ሊጠይቁልኝ ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። ከየሺ ጋር ሦስት ዓመት ተዋደናል፤ አባቷን ግን አይቻቸው አላውቅም፤ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኔ እንደ ወጉ ቤት ቀርቼ ስንቆራጠጥ ዋልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው አጎቴ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

«ትናንት ወንዝ ወርደህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ የሆነውን ነገረኝ።

አባትየው የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠይቀዋል። ደንብ አስከባሪ ነው ሲሏቸው ብድግ ብለው «ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊሽካው ካፉ የማይወርድ?» አሉ። ለካ ያን ቅዳሜ ከተማ ገበያ የወጡት ለሽማግሌዎቹ መስተንግዶ የሚሆን ሊገዙ ኖሯል። የታጠቡትም እንግዳ በንጽሕና ልቀበል ብለው ነው! ቁጥቋጦ ሥር ተደብቀው ሲንቀጠቀጡ ያገኛቸው መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ ባይሰጣቸው ኖሮ እዚያው ይመሽባቸው ነበር።

መልሳቸውም «መጀመሪያ ሱሪዬን ራሱ ያምጣልኝ» ሆነ።

ልብሱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በፌስታል ይዤ ማክሰኞ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። የሺ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ አጣኋት አልኩ።

አባቷ ሱሪውን ዘርግተው አዩት። «ራቁቴን መታጠቤ ጥፋት ነው፤ እቀጣለሁ» አሉኝ። «ሰውን ራቁቱን ጥሎ ለሚሄድስ ደንብህ ምን ይላል?»

እንባዬ መጣ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

ሱሪውን አጣጥፈው አስቀመጡና «በል ተነሥ። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ።

ዛሬ የሺ ባለቤቴ ናት። ሥራዬንም አልለቀቅኩም። ወንዝ ዳር የሚታጠብ ሳገኝ ግን ጀርባዬን እሰጥና «ይልበሱ፣ እጠብቃለሁ» እላለሁ።

ለዓመት በዓል አማቼ ቤት ስንሄድ ደግሞ፣ ገና በሩን ሳልፍ ቀበቷቸውን በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ይዘው «መጣ!» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እኔም እስቃለሁ፤ ቀና ብዬ ላያቸው ግን እስካሁን አፍራለሁ።