ጋሽ ተክሌ እየቆራረጡ ያዋሱኝ መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስጠብቅ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰውዬ ጋ ጠጋ ብዬ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበደ አንድ መጽሐፍ አንስቼ ገለጥ ሳደርገው፣ ያ ደረቅ አቧራማ ሽታ አፍንጫዬን አሳከከኝና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ አቃቂ፣ ጋሽ ተክሌ በር ላይ ቆሜ «ቀጣዩን ይስጡኝ እንጂ!» እያልኩ የምነዘንዝበት ጊዜ ድቅን አለብኝ።

መጽሐፍ ፍለጋ የቆምኩትም ወድጄ አይደለም። በሒሳብ ከተመረቅኩ ወዲህ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ምስጢር ጽሑፍ እንደነበር የሰማ ሁሉ «ሐያትዬ፣ ኮድ ስለመፍታት አንድ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሚኝ» ይለኛል፤ ሥራ ጠቁሙኝ ስላቸው ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ይሰለፋሉ። እሺ፣ እጠቁማለሁ። ጦርነት ብቻ የሚተርከውን ወፍራሙን ተዉት፣ ስትጨርሱት የጄኔራሎቹን ስም ታውቁ ይሆናል እንጂ አንዲት መስመር አትፈቱም፤ ከገጽ አንድ ጀምሮ በቀመር የሚደበድባችሁንም ተዉት፤ ልምምድ የሞላበትን፣ መልሱን ግን ከኋላ ያልደረደረውን ግዙና እርሳስ ያዙ፣ በቃ። ሰዉ ግን ይህን ሁሉ ለፍልፌ ስጨርስ «ፒዲኤፉ የለሽም?» ይለኛል።

እኔ የጀመርኩት በክረምት ነው። ጋሽ ተክሌ በድሮው ባቡር ጊዜ ቴሌግራፍ መቺ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ከእኛ ግቢ ጀርባ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ መንገደኛ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ረስቶት የሄደ ስለ ምስጢር ጽሑፍ የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበራቸው፣ በየገጹ ዳር አማርኛውን በእርሳስ ጽፈውበታል። ሰው ተውሶ እንዳያስቀርባቸው ብለው መጽሐፉን ዘጠኝ ቦታ ቆርጠው፣ እያንዳንዱን በክር ሰፍተው፣ በሲሚንቶ ወረቀት ለብደው አስቀምጠውት ነበርና፣ አንዱን ክፍል መልሰህ ጥያቄያቸውን ካልመለስክ ቀጣዩን አይሰጡም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እኔ በራቸው ላይ በስብሼ ቆሜ፣ እሳቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ «እስቲ ሁለተኛውን በቃልሽ አስረጂኝ» ይሉኝ ነበር።

«ጋሽ ተክሌ፣ የመጨረሻውን ይስጡኝና ልገላገል!»

«አንቺ ልጅ፣ ባቡር ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዋሽን ሳያይ እዚህ ደርሶ ያውቃል?»

ሁልጊዜ የሚደጋግሟት አንዲት ነገር ደግሞ ነበረቻቸው፤ «የሰው ቴሌግራም በእጅሽ ያልፋል እንጂ በአፍሽ አያልፍም።» ይህቺን ሲሉ እኔ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ነበር።

አባባ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነበር። መጽሐፍ ወዳድነቴን ያውቃልና «እኔም አመጣልሻለሁ» ብሎ፣ በየከተማው ሲቆም «ስለ ምስጢር የሚያወራ» እያለ ይጠይቅ ነበር መሰለኝ፣ አንዴ ስለ ስኬት ምስጢር፣ አንዴ ስለ ትዳር ምስጢር የሚያወራ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። የትዳሩን እማዬ ቀምታኝ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደረስኩ፤ ፊደሎችን ሠንጠረዥ ላይ ደርድሮ እያንዳንዱን በሁለት ቁጥር ስለመጻፍ ነበር የሚያወራው። እኔ ደግሞ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ አየሁና ሠንጠረዥ አለ አይደል እንዴ ብዬ ጮህኩ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከላይ ስንተኛው ተርታ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከግራ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፣ በቃ። የዚያኑ ቀን እህቴን ሰሚራን ይዤ አስተማርኳት። ሰሚራ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እማዬን አቃቂ ገበያ ሱቅ የምታግዝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ትዕግሥቷ ይገርመኝ ነበር፣ እኔ እየተቆጣሁ ሳስረዳት እሷ በጣቷ ተርታውን እየቆጠረች «ሰው ግን ገበታውን ካየ ይፈታዋላ?» አለችኝ። «ቁጥሩን ገፋ አድርገሽ ከሌላ ቦታ ጀምሪያ!» አልኳት። ልብ በሉ፣ መላውን የነገርኳት ራሴ ነኝ።

ጥቅምት አልፎ በጋው ሲገባ ሰሚራ ማክሰኞና ሐሙስ «ዕቃ ላምጣ» ብላ መርካቶ መሄድ አበዛች፣ ስትመለስ ግን ዕቃው ትንሽ፣ ፊቷ ደግሞ የበራ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር ደብተር አገኘሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁጥር የተሞላ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ አልዋሽም፣ ጋሽ ተክሌ አምስተኛውን ክፍል ከልክለውኝ ተናድጄ ነበርና እሰይ፣ የራሴን አገኘሁ አልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደጋግማ የምትጽፋት አንዲት ሦስት ፊደል ያላት ቃል ነበረች፣ የመጀመሪያው ፊደል ከግራ አንደኛ፣ ቀጥሎ ከግራ አራተኛ የሆነ አንድ ፊደል ሁለቴ፤ ቤታችን ውስጥ ይህ ከ«አባባ» ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ስንት ተርታ እንደገፋችው ቆጠርኩ፣ አምስት፣ የቀረው እንደ ሹራብ ተተረተረ።

ቃሊቲ መኪና መንዳት እየተማረች ነበር። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን፣ ዓመታት ቆይቶ ተሳቢ፣ እንደ አባባ። አባባ ደግሞ ጓደኛው ከነመኪናው ገደል ሲገባ በዓይኑ አይቶ ነበርና፣ ሰሚራ ከዚያ በፊት ነገሩን ስታነሳበት «እኔ በማውቀው መንገድ ልጄ አትሄድም» ብሎ ቁርጡን ነግሯት ነበር።

ዓርብ ነበር። አባባ ከመንገድ ገብቶ፣ ከጁምዓ ተመልሶ፣ ምሳ ላይ ተቀምጠናል፣ ሰሚራ ወጥ ታወጣለች። እኔ ደብተሩን ከሹራቤ ሥር አወጣሁና «አባባ፣ ማንም ያልፈታውን ፈታሁ!» አልኩ።

«ጎሽ የኔ ሊቅ! እስቲ አንብቢልን።»

እማዬ በእግሯ መታችኝ። ኋላ ነው እማዬም ነገሩን ታውቅ እንደነበር የገባኝ፣ ያኔ ግን አላመነችኝም ብዬ እልህ ያዘኝና ጣቴን ቁጥሩ ላይ እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ነው። አባባ እንዳይሰማ። ባልፍ እኔው እነግረዋለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እማዬ።

ሰሚራ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፣ ወጡ ጠብ ጠብ ይላል። አባባ አልጮኸም። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ብሎ ተነሣ። በማግስቱ ጠዋት ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፣ ቀትር እስኪሆን ድረስ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ አልተነሣም። ሰሚራ ጓዳ ውስጥ የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥብ ነበር። አጠገቧ ሄጄ ስቆም ዞር ብላ ሳታየኝ «ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

እያለቀስኩ ጋሽ ተክሌ ጋ ሮጥኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አምስትን እንዴት እንዳገኘሁት ጭምር፤ እዚያ ላይ ሳያስቡት ፈገግ ብለው መልሰው ኮስተር አሉ።

«ለማን ነበር የተጻፈው?»

«ለራሷ።»

«እንግዲያ አንቺ ተቀባይዋ አልነበርሽማ።»

ሄደሽ ይቅርታ በያት አላሉኝም፣ እኔም አላልኳትም። እልኸኛ ነበርኩ፣ ትክክል አንብቤ ለምን እወቀሳለሁ እል ነበር። ጋሽ ተክሌም ጥያቄያቸውን አላቆሙም፣ በጋውን ሙሉ አንድ አንድ ክፍል እያወጡ አሠቃዩኝና በሚቀጥለው ክረምት ዘጠነኛውን፣ ስንት የነዘነዝኩለትን፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ሰጡኝ። ቤቴ ሮጬ ከፈትኩት። የቃላት ማውጫ ነበር! ቃልና የገጽ ቁጥር፣ ቃልና የገጽ ቁጥር፣ በቃ። ዓመት ሙሉ ለማውጫ!

አሁን አባባ ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ ታክሲ ሲጠፋ ደግሞ «ከሁለት ሴት ልጆች አንዲት እንኳን መንዳት የምትችል ትጥፋ!» ብሎ ያማርራል፣ ያን ጊዜ የምጮህበት ይመስለኝና ሰሚራን አያታለሁ። ሰሚራ «አይ አባባ» ብላ ትሥቅና ክንዱን ደግፋ ታወጣዋለች።

እሷ ኮዬ ፈጬ ሱቅ ከፍታለች። እሷ ጋ ስሄድ ስልኳ ያለምንም መቆለፊያ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፣ ደንበኛ ያነሳዋል፣ ጎረቤት ይደውልበታል፣ እኔም አንድ ሁለቴ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፍቼ አይቻለሁ፤ «ዘይት ገባ?»፣ «ነገ መብራት የለም»፣ በቃ ይኸው ነው። ለራሷ የጻፈችው አንዲት መስመር የለም። በልጅነቴ ሙሉ ደብተር ምስጢሯን በሁለት ቀን አንብቤ ጨርሼ ነበር። ዛሬ ዲግሪዬን ይዤ ፊት ለፊቷ ለስላሳ እየጠጣሁ፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን ከባድ መኪና በዓይኗ ስትሸኝ እያየኋት፣ ምን እያሰበች እንደሆነ አላውቅም፤ ብጠይቃትም «ምንም» ነው የምትለኝ።