በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንደኛ የወጣው ፊልም

ባለፈው ሐምሌ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ለቅሶ ደረስኩ። የሞተው ተሾመ ነበር፤ በልጅነቴ አንድ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰው። ለማዘን ሄድኩ ብል እዋሻለሁ። እናቴና እናቱ በአንድ ዕድር ነበሩ፤ ብቀር እንደምታማ ስለማውቅ ሄድኩ።

ሦስተኛው ቀን ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ልቅሶው በርዶ ወሬው ሞቋል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ንፍሮ በሳህን ይዞራል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ማለትም የእኔ እኩዮች፣ ካርታ ይጫወታሉ። ከጎኔ የሟች የወንድሙ ልጅ ሳምራዊትና አንድ ዘመዷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ። ክርክሩ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልሞች ነበር።

«ሁሉም ጀግኖች የተገናኙበት አንደኛ ነው፤ አለቀ» ይላል ልጁ።

«ሰው ስለታጨቀበት? ታክሲ ነው እንዴ?» ትላለች እሷ። «ለእኔ አራተኛ ነው። ሦስተኛው ክፍል በስንት ጣዕሙ!»

«ሦስተኛውን ካስቀደምሽ አንቺ ፊልም አይተሽ አታውቂም።»

በላቸው ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ እነሱ ዞረ። በልጅነታችን የሰፈሩ ባለ ሱቅ ልጅ ነበር፣ ዛሬ ጡረተኛ ነው። «እናንተ የጀመራችሁት መስሏችሁ ነው?» አላቸው። «በደርግ ጊዜ ሁለት አክተሮች አንድ ፊልም ውስጥ ተገናኝተዋል። ሕንዱ ባለ ሻሹና ቻይናው ዝምተኛው! መጀመሪያ ያየው ተሾመ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ቀጥሎ እኔ። በዓይኔ በብረቱ!»

ሳምራዊት ስልኳን አውጥታ ርዕሱን ጠየቀችው። አላስታወሰም። እንዲሁ በግምት ስትፈልግ ቆየችና ቀና አለች።

«ጋሼ በላቸው፣ እንዲህ የሚባል ፊልም የለም እኮ።»

«ስልክሽ ያላየው ነገር ሁሉ አልነበረም ማለት ነው?»

ተጫዋቾቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «ያቺ ውሃ የምትቀዳዋ ልጅስ! እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች!» አለ። ከዚያም ሦስት አራት ሆነው፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በአንድ ድምፅ፣ «ወይ ተማቱ፣ ወይ መንገድ ልቀቁ!» አሉ።

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ፊልም አልነበረም። ውሃ ቀጂዋም ተዋናይ አልነበረችም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ሁለቱንም የፈጠርኩ እኔ ስለሆንኩ ነው።

ያን ክረምት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ውሃ የሚቀዳው ከቀበሌው ቦኖ ነው። ቦኖው ማለዳ ይከፈትና ረፋዱ ላይ ይዘጋል፤ ሰማዩ ቀን ከሌት እየዘነበ፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ እኛ ግን ለሚጠጣ ውሃ ሰዓታት እንሰለፍ ነበር። የሰዎችን አስተዳደር መጠራጠር የጀመርኩት ከዚያ ሰልፍ ላይ ይመስለኛል። ጠባቂዋ እማማ ዘርፌ በተገለበጠ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ተራ ያስከብራሉ። የምንሰለፈው ሴቶች ነን። ወንዶቹ ከቦኖው ማዶ ባለው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ከጣሪያው ጠብታ ተጠልለው፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈሉ ስለ ፊልም ይከራከራሉ።

ያኔ ፊልም የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚወራም ነገር ነበር። እሑድ ከሰዓት አንዱ በእግሩ መርካቶ ወርዶ፣ ሲኒማ ገብቶ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራል። የጡጫውን ድምፅ በአፉ ያሰማል፣ የፈረሱን ግልቢያ በጭኑ ይመታል። ባለ ሻሹ አራት ክፍል ነበረው፣ ዝምተኛው ሦስት። ሰባቱ ፊልሞች በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል በደረጃ ተጽፈዋል። ደረጃው በየሳምንቱ በጩኸት ብዛት ይለወጣል፤ አንዱ በክንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ይጽፋል። ከሁሉ የከፋው ጠብ ግን በአንድ ጥያቄ የሚነሳው ነበር፤ ሁለቱ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል?

እኔ ሲኒማ ገብቼ አላውቅም። እናቴ ሲኒማ የምትገባ ሴት ልጅ እንደሌላት አስቀድማ አስታውቃለች። ሆኖም ሰባቱንም ፊልሞች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ከሦስት አፍ ሰምቻለሁ። ተራኪዎቹ የት ላይ እንደሚስማሙና የት ላይ እንደሚለያዩ፣ ማን እንደሚያጋንን፣ ማን እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር አውቃለሁ። ያዩት ሰዎች ያዩትን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። እኔ አመሳክሬያለሁ።

አንድ ሰኞ በላቸው የባለ ሻሹን ሁለተኛ ክፍል ሲያወራ፣ ሻሹን ክንዱ ላይ ያሰረችለት እጮኛው ናት አለ።

«እናቱ ናት» አልኩ ከሰልፉ ሆኜ። «እጮኛው የመጣችው በሦስተኛው ክፍል ነው።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ጀሪካንሽን ጠብቂ።»

እማማ ዘርፌ ሳይቀሩ ሳቁ። በሳምንቱ ያንኑ ፊልም ዳግም ያየ ልጅ እናቱ መሆኗን ሲናገር ሁሉም ተቀበለው። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ቃል የተናገረ ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ማንም ያላስተዋለውን ነገር አስተዋልኩ። በሰባቱም ፊልሞች ውስጥ ባለ ሻሹም ሆነ ዝምተኛው ቀድመው መትተው አያውቁም። አንዱ ለእናቱ፣ ሌላው ለመምህሩ ቃል ገብቷል፤ የመጀመሪያው ምት ሁልጊዜ የሽፍታው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ድብድቡ ሊጀመር አይችልምና። ወንዶቹ ሁለት ክረምት ሙሉ የተጯጯኹበትን ጉዳይ አንዲት ያልታየች ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። ይህን ማንም እንደማይሰማኝ ስላወቅኩ ጻፍኩት።

አንድ ደብተር ሞላ። ሁለቱ ጀግኖች የሚገናኙት ጠባብ ድልድይ ላይ ነው፤ ሽፍቶች በሐሰተኛ ደብዳቤ አጣልተዋቸዋል። ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ የሌላውን ምት ይጠብቃል፣ ሌላውም የእሱን። ሕንድ አገርም ሆነ ቻይና ድልድይ ዳር ምን እንዳለ የማላውቅ ልጅ ስለነበርኩ፣ የማውቀውን አቆምኩበት፤ ቦኖ፣ የተሰለፉ ሴቶች፣ በተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠች ጠባቂ። ወደ ቦኖው መሻገሪያው ያ ድልድይ ብቻ ነው፤ ጀግኖቹ ቆመውበታል። ፀሐዩ ከፍ አለ፣ ማንም አልመታ። በመጨረሻ ከሰልፉ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን መሬት ላይ ጥላ ጮኸችባቸው፦ «ወይ ተማቱ፣ ወይ መንገድ ልቀቁ፤ ውሃው ሊዘጋ ነው!» ሁለቱም አፈሩ። መንገድ ለቀቁ። ጎን ለጎን ቆመው ሴቶቹን ሲያሳልፉ፣ አንዳቸውም ጠላት እንዳልሆኑ ገባቸው።

ተሾመ ከወንዶቹ ሁሉ የተሻለ ተራኪ ነበር። ድምፁ ያምር ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ከሌሎቹ የሚለየው ደግሞ በአጥር ቀዳዳ ጠርቶ፣ «ሂሩትዬ፣ የሦስተኛው ክፍል ቅደም ተከተል እንዴት ነበር?» እያለ መጠየቁ ነው። ዕውቀቴን የሚፈልግ ሰው ያከበረኝ መሰለኝ። ስለ ደብተሩ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው።

«እስቲ ላንብበው» አለኝ። «ከዚያ እኔው ራሴ፣ ሂሩት የጻፈችው ነው ብዬ አነብላቸዋለሁ። አንቺ ብታነቢው አይሰሙሽም።»

እውነቱን ነበር፤ አይሰሙኝም። ቅዳሜ ደብተሩን ሰጠሁት። እሑድ ማታ ጀሪካኔን ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ በማግሥቱ ስሜ በዚያ ግድግዳ ሥር ሊጠራ ነውና።

ሰኞ ጠዋት ተሾመ ባዶ እጁን መጣ። «ትናንት ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑም» አለ። «ተገናኙ!»

ሁሉንም አወራው። ድልድዩን፣ ሐሰተኛውን ደብዳቤ፣ ቦኖውን፣ የዘይት ቆርቆሮውን ሳይቀር። ቻይና አገር የቀበሌ ቦኖ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አንድም ወንድ አልነበረም። እማማ ዘርፌ እንኳ የተቀመጡበትን ረስተው በተመስጦ ያዳምጣሉ። የልጅቷ ጩኸት ላይ ሲደርስ ግድግዳው ሥርም ሰልፉም በሳቅ ፈረሰ። ያ ሁሉ ሳቅ የእኔ ነበር። በሕይወቴ ውስጥ ያን ያህል የተሳካ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ የቆምኩትም ከሰልፉ ዘጠነኛ ሆኜ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ደብተሬ እሱ ዘንድ ነው።»

ተሾመ አልደነገጠም። በርኅራኄ ነበር ያየኝ። «ሂሩትዬ፣ ትናንት ማታ በአጥሩ በኩል ሳወራልሽ አይደል እንዴ የጻፍሽው?»

«ሲኒማ መች ገብተሽ ታውቂያለሽና!» አለ በላቸው፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ።

በማግሥቱ ደብተሩን መለሰልኝ። ይዤው ግድግዳው ሥር ሄድኩ፣ ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ማንም አልካደም። ነገር ግን የእጅ ጽሑፍ ማን እንደጻፈ እንጂ መቼ እንደተጻፈ አይመሰክርም። ኋላ ሙያዬ የሆነው ይኸው ነው፤ የብራና መጻሕፍትን ማመሳከር፣ ከሁለት ቅጂ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ መለየት። ለሞቱ ጸሐፊዎች ሠላሳ ዓመት ፈርጃለሁ። ለራሴ ግን የፈረደልኝ አልነበረም።

አዲሱ ፊልም ግድግዳው ላይ ተጻፈ፤ ያለ አንዳች ክርክር አንደኛ ወጣ። ሊያዩት መርካቶ የወረዱት ልጆች ፊልሙ ተነስቷል ተባሉ፤ ማን እንዳላቸው አላውቅም። ከዚያ አስገራሚው ነገር ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት በላቸው፣ እሱም ለካ ያን ዕለት እዚያው ሲኒማ ውስጥ እንደነበረ ትዝ አለው። ነሐሴ ሳያልቅ ያዩት አምስት ደረሱ። አንደኛው የልጅቷን ቀሚስ ቀለም ሳይቀር ይናገር ነበር። እኔ ስለ ቀሚሷ አንድም ቃል አልጻፍኩም።

ለአብዮት በዓል ቀበሌው ግድግዳውን በኖራ ቀብቶ ቀይ መፈክር ጻፈበት። ከሰሉ ግን በኖራው ሥር እየወጣ እስከሚቀጥለው ክረምት ይነበብ ነበር። እኔ በዚያው ሰሞን ደብተሩን ቀዳድጄ ከምድጃው ከተትኩት። አንድ የብራና ተመራማሪ ሊሠራ የሚችለውን የመጨረሻ ወንጀል ገና ተመራማሪ ሳልሆን ሠራሁት፤ ዋናውን ቅጂ በገዛ እጄ አጠፋሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተሾመን ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። «እስካሁን ያንን ፊልም አውራልን ይሉኛል» አለኝ ፈገግ ብሎ። የጠበቅኩት አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ነበር። ታክሲው መጣና ገባ።

አሁን ደግሞ ሞቷል። እውነቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው የቀረ የለም። ስለዚህ በድንኳኑ ውስጥ፣ ለሟች ወገኖች ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ «በላቸው፣ ፊልም አልነበረም» አልኩት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ዶክተር፣ ለቅሶ ላይ እንኳ አትተዪውም? ሲኒማ መች ገብተሽ ታውቂያለሽ!»

ሳምራዊት ስልኳን አጥፍታ ታየኛለች። «እሺ፣ አንተ ካየኸው ንገረኝ» አልኩት። «የቦኖው ጠባቂ ምን ላይ ነበር የተቀመጠችው?»

«የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ» አለ ወዲያው። ከዚያ ካርታውን ሊጥል የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ቦኖው የነበረበት ቦታ ከድንኳኑ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ዓይኑ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። አወቀ። ማወቁን ማወቄንም አወቀ። ካመነልኝ ግን ያን ዕለት ሲኒማ አለመግባቱን ማመን ነበረበት።

«ሕንድ አገርስ የዘይት ቆርቆሮ ይጠፋል?» አለና ካርታውን ጣለ። «ይልቅ የልጅቷን ንግግር በሉት እንጂ!»

«ወይ ተማቱ፣ ወይ መንገድ ልቀቁ!» አሉ እንደ ቀድሞው።

«አልጨረሳችሁትም» አልኩ። «ውሃው ሊዘጋ ነው ብላለች።»

በላቸው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ፊልሙ ላይ የለም» አለኝ።

በሙያዬ አንድ ሐረግ ከቅጂዎቹ ሁሉ ጠፍቶ ሳገኝ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ የገለበጡት ሰዎች የማያስፈልጋቸው ምን ነበር ብዬ ነው። የዚህኛው መልስ አላስቸገረኝም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች አንዱም በልጅነቱ ለውሃ ተሰልፎ አያውቅም።