ዝሩት ያልኩት ስንዴ

ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የኅብረተሰብ ጥናት ተምሬ ነው ለተማሪዎች የገጠር ዘመቻ መካነ ሰላም የደረስኩት። ሁለት ዓመት ስላችሁ ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹን በአድማ ነው የጨረስነው። ቢሆንም ያኔ ዓለምን በሙሉ በአንድ ስዕል ማስረዳት እችል ነበር። አሁን በዚህ እድሜዬ ደሞዜ የት እንደሚገባ ለሚስቴ ማስረዳት አቅቶኛል።

ወደ አቀስታ በሚወስደው ደጋ ላይ ያለች መንደር ተመደብኩ። ረሃቡ ጋብ ቢልም ከሰው ፊት ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። ያረፍኩት ስድሳ ካለፋቸው ሙስሊም ገበሬ ቤት ነው። ሁለት ልጅ ቀብረዋል። አንድ በሬ ቀርቷቸው ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ያርሳሉ።

አንድ ቀን የቅሬው ሰዎች፣ ለቀብርም ለችግርም አብረው የሚቆሙት ማለት ነው፣ ሰብሰብ ብለው ሳለ መሬት ላይ በዱላ ትልቅ ክብ ሳልኩ።

«ይሄ ሀብታሙ ዓለም ነው» አልኩ። ከዙሪያው ትንንሽ ክብ ጨመርኩ። «እነዚህ ደግሞ ዳር ያሉት ድሆች ናቸው። ሁሉም በገበያ የተያያዘ ነው። እዚያ ዋጋ ሲናጋ እዚህ ቤት ይናጋል።»

«የኛ መንደር የቷ ናት ልጄ?» አሉ ያረፍኩባቸው አዛውንት።

ጠጠር አንስቼ ከዳርም ዳር አስቀመጥኩላቸው።

«ኧረ ትንሽ ጠጋ አርጋት፤ ብርድ ይመታታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቤት ስንገባ ዋናውን ነገር አመጡት። በጎታ ውስጥ የዘር ገብስ አለ። ልጆቻቸው ሲሞቱ እንኳን ያልነኩት ገብስ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከመካነ ሰላም በአህያ የተጫነ የእርዳታ ስንዴ ደርሷቸዋል።

«ፍሬው ወፍራም ነው። አንተ ተምረሃል፤ የቱን እንብላ፣ የቱን እንዝራ?»

ደብተሬ ላይ በግራ «ኋላ ቀር»፣ በቀኝ «ዘመናዊ» የሚል አለ፤ መሀላቸው ቀስት። ሌላ ምን ላስብ? «ገብሱን ይብሉት አባቴ፣ ስንዴውን ይዝሩት። ምርጥ ዘር ነው» አልኩ። ምርጥ ዘር መሆኑን የነገረኝ ጆንያው ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የላኪው አገር ስም ነበር።

«ይሄ ልጅ አርሶ ያውቃል?» አሉ ሚስትየው ከጓዳ።

«ተምሯል እኮ።»

«እሱንማ አየነው። ትናንት ቀንበሩን ገልብጦ ጠምዶ በሬው አፍሮለታል።»

ገብሱ ተበላ። እኔም በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር።

ስንዴው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ተመዘዘ። ከጎረቤት ገብስ በስንዝር በለጠ። እኔም ልጁ አንደኛ እንደወጣለት አባት በየጠዋቱ ማሳው ዳር እንጎራደዳለሁ። ጥቅምት ሲገባ ጎረቤቶቹ ገብሳቸውን አጨዱ፤ የኛ ገና ወተት እንደያዘ ነው። ከዚያ ውርጩ መጣ። አንድ ጠዋት ስንወጣ ማሳው ነጭ ሆኗል። በሳምንቱ አዛውንቱ አንድ ዛላ ቆርጠው በመዳፋቸው አሹት፤ እፍ ሲሉት መዳፋቸው ላይ የቀረ ነገር የለም።

«የአላህ ሥራ ነው» አሉ።

«የኔ ሥራ ነው አባቴ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ መዳፋቸውን ጠርገው ወደ ቤት ገቡ። ቅሬው እፍኝ እፍኝ ገብስ አዋጣ፤ አንድ እርከን እንኳን አይዘራም። ያለኝ እውቀት ማመልከቻ መጻፍ ነበርና ለእርዳታ ቢሮው የገብስ ዘር ይሰጣቸው ብዬ ጻፍኩ። ከብዙ ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ።

«ምን ይላል?»

«ስንዴ አለ ይላል።»

«የዚያኑ?»

«የዚያኑ።»

አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ማንበብ ባይችሉም ቆይተው አዩት።

«እንግዲህ ለመብላት ይሆናል። እንቀበላለን ብለህ ጻፍላቸው» አሉኝ።

ጻፍኩ። ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሬ ከሥር አስፈረምኳቸው።